ምሽቱ የሚጫነው በሻንጣ ነው

የክብር ልብስ በሚለበስበት፣ «ጋላ» በሚባለው ምሽት ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ፣ በኩዊን ሜሪ 2 የልብስ ማጠቢያ ክፍሎች ወረፋ ይያዛል። መርከቧ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥታ ወደ ኒው ዮርክ እያመራች ነው፤ ዙሪያዋን ከግራጫ ውኃ በቀር የሚታይ የለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የማድረቂያው ሙቀት ያፍናል። አንድ ሸምገል ያለ ሰው ነጭ ሸሚዙን ዘርግቶ ደረቱን ይተኩሳል። ከኋላው የቆመች ሴት ረዥም ጥቁር ቀሚሷን በክንዷ ላይ አጋድማ ተራዋን ትጠብቃለች። ማዶ ያለው ወጣት ደግሞ ሱሪውን ይዞ መጥቶ ከካውያው ይልቅ ወረፋውን እያየ ይተክዛል። ሁሉም ወደዚህ የመጣው በየካቢኑ ካውያ መጠቀም ስለተከለከለ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መተላለፊያው መልኩን ይለውጣል። ጠዋት በስፖርት ጫማ ሲያልፉ የነበሩ ሰዎች አሁን በጥቁር ሙሉ ልብስና በቢራቢሮ ክራባት ይወጣሉ፤ የሴቶቹ ቀሚስ ምንጣፉን ይጠርጋል፤ ሽቶው ከአሳንሰሩ ቀድሞ ይደርሳል። ወደ 2,700 ተሳፋሪ ከምትይዘው መርከብ ውስጥ አብዛኛው ያን ምሽት ለእራት ሲወርድ እንዲህ ለብሶ ነው።

ከተማ ውስጥ ግብዣ ሲኖር ምሽቱን የሚያደምቅ ብዙ ነገር አለ፤ የአዳራሹ መብራት፣ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ ዘመድ አዝማዱ። ባሕር መካከል ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የለም። ቁርስ ላይ ያየነውን ሰው ነው ማታም የምናየው፣ ነገም የምናየው። ሙዚቃውና ምግቡ ከመርከቡ ነው፤ ድምቀቱን ግን ተሳፋሪው ራሱ ከቤቱ አምጥቶ ነው የሚያዋጣው። ለረዥም የባሕር ጉዞ የእራት ልብስ መሸከፍ በእኔ እምነት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ገና ላልተዋወቅናቸው ሰዎች፣ ገና ላልመጣ ምሽት፣ ሳምንታት ቀድመን አልጋችን ላይ ልብስ ዘርግተን እናስብላቸዋለን። ይህን ድካም የሚያቃልሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አከብረዋለሁ።

ልማዱ የመጣው መርከብ ብቸኛው መንገድ ከነበረበት ዘመን ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ያስጀመሩት ኖርማንዲ የተባለው መርከብ የአንደኛ ማዕረግ መመገቢያ አዳራሹ 93 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃኑ የሚፈሰው ከረኔ ላሊክ የመስታወት ዓምዶች ነበር። እንግዳው ወደ አዳራሹ የሚገባው በደረጃ እየወረደ ስለሆነ አንድ ሰው ሲገባ ገበታ ላይ ያለው ሁሉ ያየዋል። ደረጃው የተሠራው ለልብሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኩዊን ሜሪ 2ም የተሠራችው ኖርማንዲ በተሠራበት፣ ሴን ናዜር በተባለችው የፈረንሳይ ወደብ ነው፤ ትልቁ የመመገቢያ አዳራሿም ባለ ሁለት ፎቅ ሆኖ ሰፊ ደረጃ አለው።

ያን ዘመን ልብሱን የሚሸከመው ሣጥን ነበር። በሠረገላ ጣሪያ ላይ የሚጫነው የጥንቱ ሣጥን ዝናቡ እንዲወርድለት ክዳኑ ጎባጣ ነበር፤ በመርከብ ጎተራ ውስጥ ግን አንዱ በአንዱ ላይ አይደረደርም። ሉዊ ቪቶን እ.ኤ.አ. በ1858 ክዳኑ ጠፍጣፋ የሆነ ሣጥን ሲያወጣ ነገሩ ተቃለለ። ከዚያም ቆሞ እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት፣ በአንድ ወገን መስቀያ በሌላው መሳቢያ ያለው መጣ፤ አልጋ ሥር እንዲገባ ቁመቱ ያጠረም ነበር። ተሳፋሪው በየሣጥኑ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ ካቢን የሚገባው በአንድ ወገን፣ እስከ መድረሻው ወደብ የማይፈለገው በሌላ ወገን ተለይቶ ወደ ጎተራ ይወርዳል። የዛሬ ሰው ይህን መለየት ቢማር ደስ ይለኛል፤ ለመርከቡ የሚያስፈልገውንና ከወረደ በኋላ ለሚቆይበት ከተማ የሚያስፈልገውን በአንድ ሻንጣ ደባልቆ ሳምንቱን ሙሉ ሲያምስ ይከርማል።

ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ የሚያሳዝን መዝገብ አለ። ታይታኒክ በሰጠመች ጊዜ ሻርሎት ካርዴዛ የተባለች አሜሪካዊት ባለጸጋ ከልጇ ጋር ተረፈች፤ ንብረቷ ግን ቀረ። 14 ትልልቅ ሣጥን፣ 4 ሻንጣና 3 የእንጨት ሣጥን ነበራት፤ ካሳ ስትጠይቅም እያንዳንዱን ልብስ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ጓንት ዘርዝራ ከ177 ሺህ ዶላር በላይ ጻፈች። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው አንዲት ሴት በአንድ የአትላንቲክ ጉዞ ምን ያህል ልብስ ትለውጥ እንደነበር ይረዳል፤ የጠዋት፣ የሻይ፣ የመርከብ ወለል ላይ መናፈሻ፣ የእራት። ያን የሚያወጣና የሚያስገባ አገልጋይም አብሮ ይሳፈር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 የጄት አውሮፕላን አትላንቲክን በመደበኛ በረራ መሻገር ሲጀምር ሣጥኑም አገልጋዩም ቀሩ። የመርከብ ጉዞ ለመድረስ መሆኑ ቀርቶ ለመዝናናት ሆነ። ብዙ ኩባንያዎችም ልብሱን አላሉት፤ ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን እ.ኤ.አ. በ2000 የእራት ሰዓትንም የልብስ ግዴታንም ያነሣ አሠራር ይዞ ወጣ፣ ሌሎች ተከተሉት። የኩዊን ሜሪ 2 ባለቤት ኩናርድ ግን እስከ ዛሬ ይዞታል። ሰባት ሌሊት በሚፈጀው የአትላንቲክ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጋላ ምሽት አለ፤ አንዱ ጥቁርና ነጭ፣ ሌላው ቀይና ወርቅ ወይም የጭምብል ሊሆን ይችላል። መልበስ ያልፈለገ ሰው የሚበላበትና የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ ማንም አያስገድደውም። ዓለምን በሚዞረውና ከመቶ ቀን በላይ በሚወስደው ጉዞ ደግሞ እነዚህ ምሽቶች እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ሰው የሚሸበረው እዚህ ላይ ነው፣ ለያንዳንዱ ምሽት አዲስ ልብስ ያስፈልገኛል ብሎ። አያስፈልግም።

ለወንዱ ነገሩ ቀላል ነው። ዛሬ የክብር ጫፍ የሚመስለን ቱክሲዶ ሲወለድ የዘና ማለት ልብስ ነበር። የለንደኑ ልብስ ሰፊ ሄንሪ ፑል እ.ኤ.አ. በ1865 ለእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ጭራው የተቆረጠ አጭር ኮት ሰፋለት፤ በቤቱ ከወዳጆቹ ጋር ሲበላ እንዲለብሰው። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ኒው ዮርክ አጠገብ ባለው ቱክሲዶ ፓርክ ተለበሰና ስሙን ከዚያ ወሰደ። አንድ እርሱን የያዘ ሰው ወሩን ሙሉ ይበቃዋል። ሁለት ወይም ሦስት ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጫማ፣ የእጅጌ ማያያዣ ቁልፍ፣ የወገብ መቀነት። በጥቁር ሙሉ ልብስና በክራባት የሚመጣም አይመለስም።

ሙቀት ወዳለበት ባሕር ለሚሄድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛም ሩቅ ያልሆነ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች ቀይ ባሕርን ሲያቋርጡ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት የብረት መርከብ ውስጥ፣ ኮት ለብሶ እራት መቀመጥ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ኮቱን አውልቀው በነጭ ሸሚዝ፣ በጥቁር ሱሪና በሰፊ የወገብ መቀነት መቀመጥ ጀመሩ። ልማዱ በቀይ ባሕር ስም ተጠርቶ እስከ ዛሬ በመርከበኞችና በዲፕሎማቶች ግብዣ ላይ አለ። ከምጽዋና ከአሰብ ማዶ፣ ከጅቡቲ ፊት ለፊት የሚነደው ያ ሙቀት የዓለምን የእራት ልብስ ለውጦታል። ክብር የሚጠበቀው በኮቱ ክብደት እንዳልሆነ ቀይ ባሕር ቀድሞ አስተምሯል።

በዚያው ባሕር የእኛም ሰዎች ልብሳቸውን ይዘው አልፈዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከነመሳፍንቶቻቸው ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራሰልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ለንደንን፣ ሮምንና አቴንስን ጎበኙ። በየከተማው የተነሡት ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ካባ፣ ሰፊ ባርኔጣ። ወራት በፈጀው ጉዞ፣ ከመርከብ ወደ ባቡር ከባቡር ወደ ቤተ መንግሥት፣ ያ ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ መታየቱን ሳስብ ያጠበውን፣ ያጠፈውንና ከሣጥን ያወጣውን ሰው አስባለሁ። ስሙ በፎቶው ግርጌ አልተጻፈም፤ የፎቶው ግርማ ግን ግማሹ የእርሱ ነው።

ይህን ነገር ያነሣሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አክስቴ ስትሸክፍ ካየሁ በኋላ ነው። ጡረታዋን ምክንያት አድርጋ ከባሏ ጋር ከብሩክሊን ተሳፍረው ሳውዝሃምፕተን ደርሰው በዚያው መርከብ ሊመለሱ ነው፤ 14 ሌሊት። አልጋው አይታይም፤ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ተዘርግቷል።

«እኔስ ቱክሲዶ ልከራይ ነው» አሉ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው። «ፈረንጆቹ የሚሉት እሱን ነው።»

«ጋሼ፣ የአገር ልብስም እኮ ይፈቀዳል» አልኳቸው። እውነት ነው፤ የኩናርድ መመሪያ ለክብር የሚለበስ የአገር ባህል ልብስን ከቱክሲዶ እኩል ይቀበላል።

አክስቴ ቀና አለች። «ደግሞ የተፈቀደ ያልተፈቀደ ምን አመጣው? ለልጄ ሠርግ የለበስኩት ለእነሱ እራት ያንሳል?»

ከዚያም መረጠች። ሁለት የሀበሻ ቀሚስ፤ አንዱ ጥበቡ ጥቁርና ብር፣ ሌላው ቀይና ወርቀ ዘቦ። ጥቁርና ነጩ ምሽትም ቀይና ወርቁም ከሽሮ ሜዳ በመጣ ልብስ ተሟሉ። የቀሩትን ሁለት የጋላ ምሽቶች ነጠላ በመለወጥና ካባ በመደረብ ልትወጣቸው ነው። አንድ ልብስ ሦስት ጊዜ ቢታይ የሚቆጥር የለም፤ ለብሶት የመጣው ሰው ፊቱ የበራ እንደሆነ ነው የሚታወሰው።

አስተጣጠፏን ግን ቆሜ ተማርኩ። የሀበሻ ቀሚስ ክብደት አለው፤ ጥጡ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ ወፍራም ነው፣ ከታጠፈም አጥፋቱን ይይዛል። ጥበቡ ላይ የወደቀ እጥፍ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። እሷ ቀሚሱን በጀርባው አስተኛችውና ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ መለሰች፤ ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርደው ጥበብ መካከል ላይ ለጥ ብሎ ቀረ። ወደ ላይ ስታጥፈው ደግሞ በመታጠፊያው ውስጥ ነጠላዋን ጠቅልላ አስገባች። ውድ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ስስ ወረቀት የሚያስገቡት ለዚሁ ነው፤ እጥፉ እንደ ቢላ ስለት እንዳይሆን ክብ እንዲሆን። አክስቴ ወረቀቱን በነጠላ ተካችው፤ ነጠላውም ያለ ተጨማሪ ቦታ ተጫነ።

ጨርቅ ለምን ይጨማደዳል ብለን ብንጠይቅ መልሱ እርጥበትና ክብደት ነው። የጥጥ ክር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሰንሰለቶች እርስ በርስ በደካማ ማሠሪያ ይያያዛሉ፤ እርጥበት ሲያገኛቸው ማሠሪያው ይላላል፣ ክብደት ሲጫናቸው በአዲሱ ቦታ ይታሠራሉ። ሻንጣ ውስጥ የላብ እርጥበት የቀረበት ልብስ ተጭኖ ሲከርም የሚሆነው ይህ ነው። ስለዚህ የሚሸከፍ ልብስ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ሲወጣ ደግሞ በዚያው ሕግ ይቃናል፤ ትንሽ ውኃ ረጭቶ በወፍራም መስቀያ መስቀል፣ በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ ማድረግ። የበግ ሱፍ ከጥጥ ይልቅ ቸር ነው፤ ፀጉሩ እንደ ሞላ የመለጠጥ ጠባይ ስላለው የቱክሲዶውን ኮት ሙቅ ውኃ በሚፈስበት መታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በሩን ቢዘጉት እንፋሎቱ ብቻ አብዛኛውን ያቃናዋል። ሐር እንፋሎት ይችላል፤ የውኃ ጠብታ ግን ምልክት ይተውበታል። ከፋይ ወይም ቬልቬት ከሆነ፣ እንደ ካባው፣ ካውያ ፈጽሞ አይነካውም፤ ካውያ ያስተኛው ፀጉር ዳግመኛ አይነሣም። በሻንጣ የተጨማደደ ከፋይም በእንፋሎት ነው የሚመለሰው።

ወርቀ ዘቦው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በገበያ ያለው የሚያብረቀርቅ ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ የጋለ ካውያ ያቀልጠዋል። በውስጥ በኩል ገልብጦ፣ ጨርቅ ደርቦ፣ በለብታ መተኮስ ይሻላል።

የወንዱ ኮት የራሱ ዘዴ አለው። አንዱን ትከሻ ወደ ውስጥ ይገለብጡታል፣ ሌላውን ትከሻ በእሱ ውስጥ ይከቱታል፤ ገበሩ ወደ ውጭ ይሆናል፣ ፊቱ ከአቧራም ከመፋተግም ይድናል። ከላውንደሪ ቤት የሚሰጠውን ስስ ፕላስቲክ አለመጣል ነው፤ በእርሱ የተጠቀለለ ልብስ ከጎረቤቱ ጋር ስለማይያያዝ ይንሸራተታል እንጂ አይጨማደድም። ጫማ በሻንጣው ጎማ በኩል ይቀመጥ። ሻንጣ ሲቆም ክብደት ሁሉ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ከላይ የተቀመጠ ጫማ ቀሚሱን ጨፍልቆ ነው የሚወርደው።

ቦታ ለማትረፍ የሚሻ ሰው ከማሪያኖ ፎርቹኒ ሊማር ይችላል። ቬኒስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ይህ ባለሙያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዴልፎስ የተባለ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ሽንሽን የተሞላ የሐር ቀሚስ ሠራ። ቀሚሱ አይታጠፍም፤ እንደ ገመድ ተጠምዞ በትንሽ ክብ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲወጣ ሽንሽኑ እንዳለ ነው። መጨማደድን ከመታገል ይልቅ ጭምድዱን ራሱን ውበት አደረገው። ጃፓናዊው ኢሴ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1993 በፖሊስተር ያንኑ ሐሳብ ለተራው ሰው አወረደው፤ ተጠቅልሎ ሻንጣ ጥግ የሚገባ ልብስ። ለዓለም ዙር ጉዞ አንድ እንዲህ ያለ ቀሚስ ብዙ ሸክም ያቀላል።

ስለ ካውያው ክልከላ ሰዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ። መርከብ ላይ የእሳት አደጋ ብርጌድ የሚጠራበት ስልክ የለም፤ ከተቃጠለ የሚሸሽበት መንገድም ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሞሮ ካስል የተባለው መርከብ ኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ተቃጥሎ ከ130 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ ኩባንያዎች ካውያን፣ የእንፋሎት ማቃኛን፣ ሻማንና ዕጣንን ከየካቢኑ የሚያስወጡት ከእንዲህ ያለ ታሪክ ተምረው ነው። ዕጣኑ በተለይ እኛን ይነካል። ልብስ ሳያጥን ከቤት የማይወጣ ሰው ይህን ከመነሣቱ በፊት ይጨርስ፤ አክስቴ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ቀሚሶቹን በወንበር ጀርባ ላይ አጥና ነበር። ጥጥ ሽታ ይይዛል፤ ማጨሻውም ከሰሉም ቤት ይቅር።

ወደ ወደቡ በመኪና የሚሄድ ሰው ክብደት ብዙ አያስጨንቀውም። በአውሮፕላን ደርሶ የሚሳፈር ግን የብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ልክ 23 ኪሎ መሆኑን አስቦ ይነሣ። አንድ የሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ካባ ከታከለበት ደግሞ ይበልጡን፣ ከዚህ ላይ የማይናቅ ድርሻ ይወስዳል። ወርቅ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዙት። ትልቁ ሻንጣ ወደቡ ላይ ለተሸካሚ ይሰጣል፤ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ሲመሽ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ጋላ የማይሆነው ለዚህ ይመስለኛል። በሣጥኖቹ ዘመንም በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሌሊት ለእራት አለመልበስ የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ሣጥኑ ገና አልተፈታም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ታስሯል።

የመጨረሻው ሌሊት አሁንም እንደዚያው ነው። ከእራት በኋላ ሻንጣዎች ስም ተለጥፎባቸው ከካቢን በር ውጭ ይቀመጣሉ፤ ሠራተኞች ሌሊቱን ይሰበስቧቸዋል፤ ባለቤታቸው ዳግመኛ የሚያገኛቸው ጠዋት ወደቡ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀሚሱ ከተጣጠፈ፣ ካባው ከተጠቀለለ በኋላ ሻንጣውን ከመዝጋት በፊት አንድ ነገር ይታይ፦ ለጠዋት የሚለበሰው ሱሪ፣ ሸሚዝና ጫማ ወንበሩ ላይ መቅረቱ።